የሩቅ ገጠር አቦርጂናል ሕሙማን በከተማ ሆስፒታል፦ ክብራቸውንና ገመናቸውን ስለ መጠበቅ

ከአንዲት አዲስ አባል የቀረበ ጥያቄ

በምዕራብ አውስትራሊያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የረዳት ነርስነት ሥልጠናዬን ጨርሼ በፐርዝ ከሚገኙት ትልልቅ ሆስፒታሎች በአንዱ ሥራ ከጀመርሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በምሠራበት ክፍል ከሰሜኑ የኪምበርሊ አውራጃና ከበረሃው ወገን በአውሮፕላን የመጡ አቦርጂናል (የአገሩ ቀደምት ነዋሪ) ሕሙማን አይታጡም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «አይናገሩም፣ ዐይን አያዩም፣ ሕክምናቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ብዙ አትድከሚ» ብለው መከሩኝ። ምክሩ ከበደኝ። እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ሐኪሙ የነገረኝ ሳይገባኝ «እሺ» እያልሁ ከክሊኒክ የወጣሁባቸው ቀናት ትዝ ስላሉኝ ነው። በዚህ ሙያ የቆያችሁ፣ እነዚህን ሰዎች ሳላሳፍርና ገመናቸውን ሳልገልጥ እንዴት ላገልግላቸው?

የመጀመሪያው ምላሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በነርስነት ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አንቺ የሰማሽውን ዐይነት ምክር አምኜ ሠርቻለሁና የምጽፍልሽ ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ሕሙማኑ እንዳይታወቁ ስል ከየታሪኩ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።

በቅድሚያ ርቀቱን አስቢው። ከሆልስ ክሪክ ወይም ከፊትዝሮይ ክሮሲንግ እስከ ፐርዝ በመኪና ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በአየር ያለውን ያህል ማለት ነው፤ ሆኖም ይህ ሁሉ መንገድ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ሌሊት ሕመም የጸናባት ሴት በሮያል ፍላይንግ ዶክተር ሰርቪስ አውሮፕላን ስትጫን ጫማዋን፣ መነጽሯንና የስልኳን ቻርጀር እንኳ ይዛ ላትወጣ ትችላለች። መንግሥት ለሕክምና ከሩቅ ለሚጓዙ ሰዎች የመጓጓዣና የማደሪያ ድጎማ ይሰጣል፤ አጃቢ ለማስከተል ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በድንገተኛ በረራ ላይ ደግሞ ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከአንቺ ፊት የተኛችው ሴት ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ያደረች ሰው ናት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለመረዳት አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የሚረዳን ይመስለኛል። እኛ «አገርሽ የት ነው?» ብለን ስንጠያየቅ ስለ ፓስፖርት አንጠይቅም፤ የተወለድሽበትን፣ አያት ቅድመ አያቶችሽ ያረፉበትን ቀዬ ማለታችን ነው። አቦርጂናል ሰዎች «ካንትሪ» ሲሉም ይህንኑ ማለታቸው ነው፤ ለእነርሱ እንዲያውም አገር ሕግም ዘመድም ነው። ፐርዝ ደግሞ የኑንጋር ሕዝብ አገር ናት። ከምዕራባዊው በረሃ የመጡ የንጋኛቻራ ተናጋሪ አዛውንት እዚህ ከተማ ውስጥ በሰው አገር ያሉ እንግዳ ናቸው፤ ቋንቋውም፣ ምድሩም፣ ባለቤቶቹም የእርሳቸው አይደሉም። ሆስፒታሉ ግን ሁሉንም «አቦርጂናል» በሚል አንድ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋቸዋል።

አሁን ስለ ገመና ልንገርሽ። ከሰሜን የመጡ አንዲት እናት በእኔ ክፍል ተኝተው ነበር። ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ላጥባቸው ውኃና ፎጣ ይዤ እገባለሁ፤ መጋረጃውን ዙሪያውን በጥንቃቄ እዘጋለሁ፤ በተማርሁት መሠረት የማደርገውን ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። እርሳቸው ግን ብርድ ልብሱን እስከ ግንባራቸው ስበው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ አንድም ቃል አይወጣቸውም። ሦስት ቀን በተከታታይ «ገላቸውን ለመታጠብ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍሁ። በአራተኛው ቀን ለአቦርጂናል ሕሙማን የተመደበችው የሆስፒታሉ አገናኝ ሠራተኛ መጥታ ከአጠገባቸው ዝም ብላ ተቀመጠች። ቆይታ ስትወጣ «እምቢ ያሉት መታጠቡን አይደለም፤ አንተን ነው» አለችኝ። በባህላቸው የሴት ጉዳይ በሴት፣ የወንድ ጉዳይ በወንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ወንድ ሆኜ ገላቸውን መንካቴ ቀርቶ ስለዚያ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር መነጋገሬ ራሱ የሚያሳፍር ነበር። መጋረጃውን ከሰው ሁሉ የዘጋሁት እኔ ከውስጥ ሆኜ ነው። በዚያ ላይ ሦስት ቀን የጻፍሁት ቃል በመዝገባቸው ውስጥ ቀርቶ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሁሉ አስቸጋሪ ሰው አድርጎ እንዲያያቸው አድርጓል። መዝገቡ ላይ ማስተካከያ ጻፍሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመና ማለት መጋረጃ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ሰማ፣ ማን እንደ ተናገረና ምን እንደ ተጻፈም ነው። አራት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ስድስት ሰው አስከትሎ ቆሞ «መጠጥ ትጠጫለሽ? በቀን ስንት?» ብሎ ሲጠይቅ ጨርቁ ድምፅን አያግድም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ማንንም ያሸማቅቃል፤ ለአቦርጂናል ሰው ግን በየመንገዱና በየቢሮው ሲጠረጠርበት የኖረው ነገር ስለሆነ ሌላ ክብደት አለው። የስኳር መጠኑ ወርዶ ወይም በኢንፌክሽን ተዳክሞ የሚንገዳገድ ሰው እንደ ሰካራም የታየበት ጊዜ በዚህ አገር ጥቂት አይደለም። ጥያቄው ለሕክምናው አስፈላጊ ከሆነ ሰውየውን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ወይም ዝቅ ብሎ ተቀምጦ በለሆሳስ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው።

ስለ ዝምታውና ስለ «እሺ» ያነሣሽው ነገር ልብ የሚነካ ነው፤ ቁልፉም እዚያው ላይ ነው። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር አለን፤ ትልቅን ሰው ላለማሳፈር፣ ነገር ላለማርዘም ስንል «አዎ» እንላለን። በብዙ አቦርጂናል ማኅበረሰቦችም ከባለሥልጣን ለሚመጣ የተደራረበ ጥያቄ «አዎ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ስምምነት ማለት ግን አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 በአውስትራሊያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በዳርዊን የዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ማእከል ዮልንጉ በተባሉ የሰሜን አቦርጂናል ሕዝብ ሕሙማንና በባለሙያዎች መካከል የሚደረገውን ንግግር መርምሮ፣ ሁለቱ ወገኖች በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ የማይግባቡበት ጊዜ ብዙ እንደሆነ፣ አለመግባባታቸውንም ብዙ ጊዜ እንደማያስተውሉት አሳይቷል። ስለዚህ «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ። «ወደ ቤት ሲመለሱ ለልጅዎ ይህን ነገር እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። ዝምታው ሲረዝም ቃል አትጨምሪበት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እኛ መታገሥ ካቃተን በኋላ ባለው ደቂቃ ላይ ነው። ዐይን ለዐይን አለማየትም ለእነርሱ አክብሮት ነው፤ በእኛም ቤት ልጅ የታላቁን ዐይን አፍጥጦ አያይም ነበርና ይህ ሊገርመን አይገባም።

የአስተርጓሚን ነገር ሳነሣ ልቤ ያዝናል። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ 131 450 ደውለን ቀንም ሌሊትም በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ እንችላለን። የአገሩ ባለቤቶች ቋንቋዎች ግን በዚያ ቁጥር አይገኙም። በዚህ ክፍለ ግዛት መነሻውን ከኪምበርሊ ያደረገ የአቦርጂናል አስተርጓሚዎች ድርጅት አለ፤ መጠቀምም ይገባል፤ ቀጠሮ እስኪያዝ የማይጠብቀው ሐኪም ግን «እንግሊዝኛ ትንሽ ትችላለች» ብሎ ያልፋል። አስተርጓሚ ሲገኝም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቋንቋው ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ተናጋሪ ሲኖረው አስተርጓሚው ዘመድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሕጋቸው ደግሞ ፊት ለፊት ሊነጋገሩ የማይገባቸው ዘመዶች አሉ፤ አማትና የልጅ ባል ለዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ይህን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም፤ የሐበሻው ቁጥር ጥቂት በሆነበት ከተማ አስተርጓሚው የዕድራችን ወይም የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሆኖ ሲመጣ ሕመማችንን ደብቀን የተመለስን ስንቶች ነን? ስለዚህ አስተርጓሚ ከመጠራቱ በፊት «ማን ቢያስተረጉምልዎት ይሻላል? ማንስ መሆን የለበትም?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ የታካሚው ስም ሳይነገር መጀመር ይቻላል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ በሕጉ መሠረት መረጃ ለታካሚው ብቻ ነው ብሎ ብቻቸውን ላሉ ሰው ከባዱን ዜና ማርዳት ነው። እኛ መርዶን ለማን፣ በማን አፍ፣ በምን ሰዓት እንደሚነገር ሥርዓት አለን፤ እነርሱም የሚነገረውን ለመስማት ተገቢ የሆነ ሰው አላቸው፤ ያ ሰው እኅት፣ የእናት ወንድም ወይም በማዕረግ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት «እነርሱ ሁሉን በጋራ ነው የሚያደርጉት» ብሎ ለጥየቃ ለመጣ ዘመድ ሁሉ መዝገቡን መዘርገፍ ነው። የጋራ ሕይወት ያለው ሰው ገመና የለውም ማለት አይደለም። ማን ይስማ፣ ማን አይስማ የሚለውን የሚወስኑት ታካሚዋ ናቸው፤ ጠይቀሽ መዝገብ ላይ አስፍሪው፤ ተረኛ በተለወጠ ቁጥር ደግመው እንዳይጠየቁ።

ስም መጥራትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዙ የበረሃና የሰሜን ማኅበረሰቦች ሰው ሲሞት ስሙ ለረጅም ጊዜ አይነሣም፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎችም «ኩማንጃይ» ወይም «ኩንማናራ» በሚል ምትክ ስም ይጠራሉ። አንዲት ታካሚ በመዝገቡ ያለውን ስም ስትጠሪ ካልመለሰችልሽ ወይም ሌላ ስም ከነገረችሽ፣ ሐዘን ላይ ልትሆን እንደምትችል አስቢ። በመጠባበቂያው አዳራሽ ሙሉ ስሟን ጮክ ብለሽ አትጥሪ፤ አጠገቧ ሄደሽ «ምን ብዬ ልጥራዎት?» በዪ። በነገራችን ላይ «አቦርጂን» የሚለውን ቃል በእኛ መካከል ስንነጋገርም ብንተወው እወዳለሁ፤ ብዙዎቹ እንደ ስድብ ይሰሙታል። አቦርጂናል ሰው፣ ከተቻለም የሕዝቡን ስም ጠርቶ ኑንጋር፣ ዋልማጃሪ፣ ማርቱ ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ፤ ታሪኩን ሳያውቁ ሰውየውን ማከም አይቻልምና። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1919 ድረስ ከካርናርቮን ፊት ለፊት ባሉት በርኒየርና ዶር በተባሉ ደሴቶች ላይ፣ በአባላዘር በሽታ የተጠረጠሩ አቦርጂናል ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው ታግተው «ሆስፒታል» በተባለ ቦታ ተይዘዋል፤ ብዙዎቹ ከየቀያቸው የተወሰዱት በአንገት ሰንሰለት ነበር፤ ብዙዎችም አልተመለሱም። በደርቢ አጠገብ ያለው የቡንጋሩን የሥጋ ደዌ ማቆያ ከ1936 እስከ 1986 ድረስ ክፍት ነበር፤ የተዘጋው የዛሬዎቹ አያቶች ጎልማሶች ሳሉ ነው። በ1905 የወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነን አቦርጂናል ልጅ ሁሉ ሕጋዊ አሳዳጊ «ዋና ጠባቂ» የተባለው ሹም እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ በዚህና በመሰል ሕጎች ልጆች ከእናቶቻቸው መነጠቃቸውን በ1997 የወጣው ብሔራዊ ሪፖርት መዝግቦታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድም በየካቲት ወር 2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ አንዲትን አያት በቅን ልብ «እርስዎ እዚህ ሳሉ ልጆቹን ማን እየጠበቃቸው ነው?» ብትያቸው ፊታቸው የሚጨልመው ለምን እንደሆነ ትረጃለሽ። ለእኛ የዘመድ ጥያቄ ነው፤ ለእርሳቸው ግን ነጭ ወረቀት የያዘ ባለሥልጣን ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። የምትጠይቂበትን ምክንያት አስቀድመሽ ተናገሪ፤ «ወደ ቤት እንዲደውሉ ስልክ ላምጣልዎት ብዬ ነው» በዪ።

«ጥለው ይሄዳሉ» የተባልሽው እውነትነት አለው፤ አቦርጂናል ሕሙማን ሕክምና ሳይጨርሱ ከሆስፒታል የሚወጡበት መጠን ከሌላው ሕዝብ በብዙ ይበልጣል። ግን ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቀብርና ሐዘን አለባቸው፤ ልጆች ጥለው መጥተዋል፤ ብርዱ ከብዷቸዋል፤ መቼ እንደሚወጡ ማንም በግልጽ አልነገራቸውም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «አመለጠ» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ለእስረኛ የሚነገር ቃል ነው፤ አንቺ አትጻፊው። እኔ በተረኛነቴ መጀመሪያ ላይ ዛሬ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚመጣ፣ መቼ ወደ አገራቸው እንደሚበሩ የማውቀውን ሁሉ እነግራለሁ፤ የማላውቀውንም ጠይቄ እስከ ምሳ እመለሳለሁ እላለሁ፤ እመለሳለሁም። ከተቻለ ወደ ውጭ ወስጄ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ። መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት መቀመጥ፣ ሌሊት ከከዋክብት በታች ተኝቶ ላደገ ሰው ምን እንደሆነ አስቢው።

የበረሃው ሕዝብ ራሱ ያስገኘው መፍትሔ ስላለ እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። የኪንቶርና የኪዊርኩራ ሠዓሊዎች በ2000 ሥዕሎቻቸውን በሲድኒ ለጨረታ አቅርበው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰቡ፤ በዚያ ገንዘብ ዛሬ ፐርፕል ሃውስ የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው በ2004 በኪንቶር ዲያሊስስ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ከዘመድ ተለይተው ከሚሞቱ በአገራቸው እየታከሙ እንዲኖሩ ፈለጉ። በ2018 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በሩቅ ቦታዎች ለሚሰጥ ዲያሊስስ በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና መድን) በኩል ክፍያ ፈቀደ።

የአንዲት አዋላጅ ነርስ ተጨማሪ ሐሳብ

ወንድማችን ያሉትን እያከበርሁ ስለ ወላዶች ጥቂት ልጨምር። ከሩቅ ማኅበረሰቦች የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሳምንታት ሲቀሩት ወደ ብሩም፣ ወደ ደርቢ፣ ወደ ካልጉርሊ፣ እርግዝናው የሚያሠጋ ሲሆን ደግሞ ወደ ፐርዝ ይላካሉ፤ በእንግዳ ማረፊያ ብቻቸውን ይጠብቃሉ። የ18 ዓመት ልጅ ያለ እናቷና ያለ አያቷ ስታምጥ አይቻለሁ። በምጥ ሰዓት ወንድ ሐኪም መግባት ግድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራት፣ በቂ ልብስ ትልበስ፣ ሴት ከራስጌዋ ትቁም። ይህን ለማድረግ የሥራ መደብ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። እኛ «እትብቴ የተቀበረበት» ስንል አገራችን ማለታችን ነው። አንዳንድ አቦርጂናል እናቶችም እንግዴ ልጁን ወደ አገራቸው ወስደው መቅበር ይፈልጋሉ፤ ግን የሚጠይቃቸው ስለሌለና እነርሱም ስለሚያፍሩ ከሆስፒታሉ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። አንዲት ወጣት እናት ይህን ስጠይቃት መጀመሪያ ወደ በሩ አየች፤ ሌላ ሰው እንደሌለ አረጋግጣ «መውሰድ ይፈቀዳል?» አለችኝ። ይፈቀዳል፤ የሚሞላ ቅጽ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እናቶች፣ አቦርጂናል የሆነችንም ያልሆነችንም እጠይቃለሁ። «አቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነዎት?» የሚለው የመመዝገቢያ ጥያቄም እንደዚሁ ለሰው ሁሉ የሚቀርብ ነው፤ በመልክ ገምተን ለአንዱ ብቻ ካቀረብነው መርጦ ማሳፈር ይሆናል፤ መልካቸው ነጣ ያለውን ደግሞ እንዘላቸዋለን።

የጠያቂዋ መልስ

ታላላቆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንዲትን አዛውንት «አገርዎ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከመጡ ጀምሮ ለማንም አልተናገሩም የተባሉት እናት ስለ አንድ የወንዝ ዳር ብዙ ነገሩኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። አንድ የቸገረኝ ነገር አለ፤ ሌሊት ተረኛ ስንሆን በክፍላችን ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ እረፍት ስወጣ ወንድ ባልደረባዬ ብቻውን ይቀራል። በዚያ ሰዓት እርዳታ ቢፈልጉስ?

የመጨረሻው ምላሽ

እህቴ፣ ከእረፍትሽ በፊት አጠገባቸው ሄደሽ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ወይም ልብስ መቀየር ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ስንት ሰዓት እንደምትመለሺም ንገሪያቸው። ለባልደረባሽም ንገሪው፤ ነፍስ የሚያሠጋ ነገር ከሆነ ይግባ፤ ሌላው ሁሉ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ወይም ከጎረቤት ክፍል ሴት ይጥራ። ይህንኑ በሕክምና ዕቅዳቸው ላይ ጻፊው፤ በቃል የተነገረ ነገር ከተረኛው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። አለቃሽ ለምን ቢሉሽ፣ በ2019 በተሻሻለው የአውስትራሊያ የሕሙማን መብቶች ቻርተር ላይ ባህልና ማንነት እንዲከበርና የግል ገመና እንዲጠበቅ በግልጽ ተጽፏል፤ በየኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። ስለ ወንዙ ያልገባሽን ግማሹን ደግሞ ነገ ጠይቂያቸው።